በወዳጆ እርምጃ

በዚያ አገር የእርሻ ወሰን በሜትር አይነገርም። «ከጽዱ ግንድ እስከ ነጩ ድንጋይ፣ በወዳጆ እርምጃ ስልሳ ሁለት» ይባላል። እንግዳ የሰማው እንደሆነ ወዳጆ የሚባለው ሰው ድሮ የሞተ፣ ስሙ ብቻ ለመለኪያ የቀረ ይመስለዋል። ሰውየው ግን አሉ። ቤታቸው ከጓሳ ሜዳ በታች፣ የመሐል ሜዳ ገበያተኛ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በሚመለስበት መንገድ ዳር ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ከበሩ በስተግራ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ አንድ የድንጋይ መደብ።

ነገሩ የመጣው መሬት በተደለደለበት በ1989 ዓ.ም. ነው። የለኪዎቹ ገመድ ጠዋት በውርጭ ይኮማተራል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል ተብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ እስቲ ወዳጆ ይራመደውና እንየው አሉ። ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ዱላቸውን ለጎረቤታቸው ለአፈወርቅ አቀበሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሳይቸኩሉ ሳይንቀረፈፉ፣ ማሳውን ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። ሦስቱም ጊዜ ቁጥሩ አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሲካፈል፣ አጥር ሲታጠር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲሠራ የሚጠሩት እሳቸው ሆኑ። ወዳጆ ረገጠው ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን ለማንም ሳይናገሩ ሁለት ዓመት የቆዩት እኒሁ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ የግራው ነበር። ገብስ ሲወቃ ገለባ የገባባቸው መስሏቸው ታጠቡ፤ አልለቀቀም። ቀስ በቀስ የሰው ፊት በጭስ ውስጥ እንዳለ እየሆነ መጣ፣ በዓመቱ ቀኙም ተከተለ። በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሰው የሚለዩት በድምፁና በአካሄዱ፣ በግ የሚለዩት ጀርባውን ዳብሰው ነበር። ባርኔጣቸውን ወደ ቅንድባቸው ዝቅ ማድረግ ለመዱ፤ ሲያወሩም ፊታቸውን ወደ መሬት ያደርጋሉ። ባለቤታቸው ጌታነሽ እግራቸው የከበዳቸው መሰላት። ገበያ መውጣት ሲተዉ፣ ደጃፉ ላይ ሲደናቀፉ፣ እርጅና ነው አለች። እሳቸውም እርጅና ነው አሉ።

የሸሸጉበት ምክንያት አባታቸው ናቸው። አባታቸው በዚሁ ዕድሜ ዓይናቸው ጠፍቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት እዚያ የውጪ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቴ የሰሙ እንደሆነ «ማነው?» ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይቆምላቸው ነበር። እያደር ግን፣ አንድ ጊዜ የመለሰ ሰው ስለ ዝናቡም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ገብሱ ቀለምም መመለስ ስላለበት፣ የቸኮለው ትንፋሹን ውጦ በእግሩ ጣት እየረገጠ ማለፍ ጀመረ። አንድ ጠዋት ወዳጆም እንዲሁ አለፉ። ወጣት ነበሩ፤ በሬዎቹ ተጠምደው ቆመዋል። አባትየው አንገታቸውን ወደ ድምፁ ቀና አድርገው፣ «ወዳጆ፣ አንተ ነህ አይደል? እርምጃህን አውቀዋለሁ» አሉ። ወዳጆ ሳይመልሱ ሄዱ። ማታ አባትየው ነገሩን አላነሱም። በማግስቱም አላነሱም። እስኪሞቱ ድረስ አላነሱትም።

አሁን ዓይናቸው ሲሄድ ወዳጆ የፈሩት ጨለማውን አይደለም፤ መደቡን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጡ። ጎህ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ ይወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ይራመዳሉ። ከበሩ እስከ ምንጩ፣ ከበሩ እስከ አውድማው፣ ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። ስንተኛው እርምጃ ላይ ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ፣ ስንተኛው ላይ ቦይ እንዳለ፣ ስንተኛው ላይ የአፈወርቅ ውሻ እንደሚጮህ በቃላቸው ያዙት። ዓይኑ ጨርሶ ሲሄድ ማንም ሳያውቅባቸው እንደ ወትሯቸው እየወጡ እየገቡ ለመኖር ነበር አሳባቸው።

ልጃቸው እስከዳር በዚያ ሰሞን ዓርብ ዕለት ከአዲስ አበባ መጣች። በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ሰበቧ የጓሳ ሣር ነበር። አራት ዓመት ተዘግቶ የከረመው ሜዳ፣ ክረምቱ ከድቶ ሰው ስለተቸገረ፣ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ከፍተውት ቤተሰቡ ሁሉ ለቤት ክዳን ሊያጭድ ሊወጣ ነው። ዋናው ምክንያቷ ግን እናቷ በስልክ «አባትሽ እግሩ ታስሯል» ማለቷ ነው። ልባቸው ይሆናል ብላ ፈርታለች። ከቦርሳዋ እንደ አምባር ያለ ጥቁር የጎማ ነገር አወጣች። የልብ ምት እንደሚለካ፣ እርምጃ እንደሚቆጥር፣ የቆጠረውንም ወደ ስልኳ እንደሚያስተላልፍ አስረዳች።

«የእርምጃ መቁጠሪያ በሉት፣ አባዬ። ለሦስት ቀን ብቻ እጅዎ ላይ ይሁን።»

ጌታነሽ ቃሏን ይዛ ሳቀች። እሷ የምታውቀው መቁጠሪያ መነኮሳት እጃቸው ላይ የሚጠመጥሙት፣ በየፍሬው «እግዚኦ» የሚባልበት ነው።

«አንተ ሰው» አለች፤ አንቱ ማለቱን ከመጀመሪያው ልጅ ወዲያ ትታዋለች፤ «ሳትነግረኝ መነኮስክ ማለት ነው?»

ወዳጆ እምቢ ማለት ፈልገው ነበር። ነገር ግን እምቢ ያለ ሰው ለምን ይባላል። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ማንኛውንም ነገር የሚቀበሉት በቀኝ ነው። እስከዳር ቦታው ግራ እጅ ነው ልትል ጀምራ ተወችውና እዚያው አሰረችላቸው። ክንዳቸውን ቀና ሲያደርጉ የአምባሩ ፊት ቦግ አለ፤ ሲያወርዱት ጠፋ። ብርሃኑ ብቻ ስለሚታያቸው፣ ካላነሡት የሚተኛ ነገር ነው ብለው ገመቱ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዳቸው ሲወጡ ቀኝ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ የተኛ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ቀስ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ቤቱ ገና አልነቃም። ቅዳሜ ደህና አለፈ።

እሑድ ለቅዳሴ አብረው ወጡ። ጎጆ ወጥቶ አጠገባቸው የሚኖረው ልጃቸው ትዕዛዙም ተቀላቀለ። እስከዳር እበሩ ላይ ቁጥሩን ከዜሮ አስነሣችው። ወዳጆ ከጌታነሽ ነጠላ ነጭነት ኋላ ኋላ እየሄዱ በልባቸው ይቆጥራሉ። አምስት መቶ ሁለተኛው እርምጃ ላይ የኪዳነ ምሕረት ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል። አላዩትም፤ ግን ቆመው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ደግሞ አማትበው መቃኑን ተሳለሙ።

ከደጀ ሰላሙ ሥር እማሆይ አመተሥላሴ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው። ወዳጆ ስማቸውን ሳይናገሩ በአጠገባቸው አልፈው አያውቁም።

«ወዳጆ ነኝ፣ እማሆይ።»

«አውቄያለሁ። እርምጃህ አጠረብኝ እንጂ። ምን ሆነህ ነው?»

«ዕድሜ ነው» አሉ ወዳጆ፣ ቶሎ ብለው።

እስከዳር የአባቷን ክንድ ቀና አድርጋ ስምንት መቶ ሠላሳ አንድ ስትል አነበበች። ወዳጆ ዝም ማለት ነበረባቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የአገር ወሰን ያቆመ ሰው ግን ቁጥር ተሳስቶ ሲነገር ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ይሳሳታል» አሉ። «ስምንት መቶ ዐሥራ አራት ነው።»

ከቅዳሴ በኋላ አፈወርቅ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኛቸው። ነገሩን ከትዕዛዙ ሲሰማ አምባሩን ከላይም ከታችም አገላብጦ አየው። ከወዳጆ ሦስት ዓመት የሚያንስ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው።

«ወዳጆ፣ ተተኪህ መጣልህ። ያውም በገዛ እጅህ ታስሮ።»

እንግዲያው ይፈተን ተባለ። እስከዳር ደጀ ሰላሙ ላይ ዜሮ አደረገችው፤ አራቱም ወዳጆን በመሐል አድርገው፣ እንዳያደናግሯቸው አፋቸውን ዘግተው፣ እንደ አጃቢ እስከ ቤታቸው በር ሄዱ። እዚያ ሲታይ ስምንት መቶ ዐሥራ አራት ይላል። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልበዛ። ትዕዛዙ እጁን ከጭኑ ጋር አጋጨ። አፈወርቅ ባርኔጣውን አወለቀ። ታዲያ ሲሄዱ ዐሥራ ሰባቱ ከየት መጣ? ምስጢሩን ያገኘችው ጌታነሽ ናት።

«ማማተቡን ነዋ የቆጠረበት። ሲሄድ አማተበ፣ ሲመለስ አላማተበም።»

እስከዳር አምባሩን ፈትታ በራሷ ቀኝ አሰረችና ከግንባር እስከ ደረት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ አማተበች። ቁጥሩ ላይ ተጨመረ። ሁሉም ሳቁ። አፈወርቅ ይህ ዕቃ ከኛ ቄስ ይሻላል፣ ጸሎት እንደ መንገድ ይቆጥራል አለ። ሳቁ ሳይበርድለት ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ቆይ እንጂ። ቅጥሩ ሲሠራ ከበርህ እስከ ደጀ ሰላሙ ሰባት መቶ አንድ ብለህ አልነበር? ዱላህን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«መንገዱ ነዋ የረዘመ» አሉ ወዳጆ።

እንደገና ተሳቀ። እስከዳር ብቻ አልሳቀችም። አምባሩን መልሳ ስታስርላቸው እጇ ከእጃቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

ሰኞ ማለዳ ወደ ጓሳ ወጡ። አራት አህዮች፣ ማጭድ፣ ገመድ፣ በሶና ዳቦ ይዘው ነው። ወዳጆ የፊተኛዋን አህያ የሚነዱ መስለው እጃቸውን ኮርቻዋ ላይ ጣል አድርገዋል። ያችን አህያ ሲያሳድጓት እንዲህ እንደምትመራቸው አላሰቡም ነበር። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ ከያቅጣጫው ማጭድ ሣር ሲቆርጥ ይሰማል፣ ሰው ከሰው ከሩቅ እየተጠራራ ይቀልዳል። አህዮቹን መንገዱ ዳር ከአንድ ረጅም የጅብራ ዛፍ ሥር፣ ከአፈወርቅ አህዮች አጠገብ አሰሯቸውና ወደ ምሥራቅ፣ ሣሩ ወደ በረታበት ገቡ። ወዳጆ ከጅብራው ጀምረው ቆጠሩ። ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ ምንም አላሰቡበትም። ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት፣ ነፋሱ በግራ ጉንጭ።

ሣር ማጨድ ዓይን አይጠይቅም። ግራ እጅ ጭብጡን ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ከሥሩ ይስባል። ወዳጆ በዚህ ሥራ ከትዕዛዙ አላነሱም። እረፍት ሲሆን እስከዳር አምባሩን ስታየው ሁለት ሺህ ተራምደዋል ይላል፤ ከቆሙበት ግን ብዙም ፈቀቅ አላሉም። ማጭዱን ነው የቆጠረው። ጌታነሽ በሶዋን እየበጠበጠች፣ እንዲህ ከሆነ እኔ ጥጥና ሱፍ ስፈትል ኢየሩሳሌም ደርሼ መጥቼአለሁ አለች። ደህና ሰዓት ነበር። ወዳጆ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው የቤተሰቡን ድምፅ እየሰሙ፣ ይህችን ቀን ዓይኔ እያየ ብሆን ምን ነበር ብለው አሰቡ።

ቀትር ሲያልፍ ጉሙ መጣ። ከቆላው በኩል ገደሉን እየወጣ የሚመጣ ወፍራም ጉም ነው፤ አንዴ ከተነሣ ሰው የራሱን ማጭድ አያይም። የሌሎቹ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቃተ። ትዕዛዙ ሸክሙን ትተን ወደ አህዮቹ እንሂድ፣ አቅጣጫውን አውቀዋለሁ ብሎ ፊት ፊት ሆነ። እናቱን በነጠላዋ ጫፍ፣ እስከዳር እናቷን በክንዷ፣ ወዳጆ የእስከዳርን ትከሻ ይዘው ተከተሉ። ለወዳጆ ብዙ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ነጩ ጨለማ ለእሳቸው የሁልጊዜ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ያልሰሙትን ሰሙ፤ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ይንጫጫል፣ ድምፁም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከታች ነው የሚመጣው። ጭላዳ ጉም ሲወርድ የሚሰበሰበው ገደል ላይ ነው።

«ቁም፣ ትዕዛዙ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እግርህን እንዳታነሣ።»

ትዕዛዙ ቆመ። ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ ከፊቱ ሣሩ አልቆ ባዶ ነጭ ነገር ታየው፤ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ከሸክማችን ከተነሣን አርባ አንድ ነው» አሉ ወዳጆ። «ዙሩ። አሁን እኔን ያዙኝ።»

አርባ አንድ ተራምደው ሲጎነበሱ እጃቸው የታሰረውን ሣር አገኘ። ከዚያ ነፋሱን ወደ ቀኝ ጉንጫቸው አዞሩና ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስቱን ጀመሩ። ጌታነሽ የባሏን ጋቢ ጫፍ እንደያዘች በሹክሹክታ አብራ ትቆጥር ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ አህያ አናፋች። ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ላይ የወዳጆ መዳፍ የጅብራውን ግንድ ነካ።

አፈወርቅ እዚያው አህዮቹ መሐል ተጠልሎ ቆሞ ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሲወጡ ሲያያቸው የለመደውን ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ የትዕዛዙን ፊት አየና ተወው።

ጉሙ እስኪነሣ መጠበቅ ነበር። ጌታነሽና ትዕዛዙ አህዮቹን ያረጋጋሉ። እስከዳር አባቷን ራቅ አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይሄን ቁጥር መቼ ያዙት?»

«ስንመጣ።»

«ፀሐይ ነበር እኮ። መንገዱ ይታይ ነበር።»

እስከዳር ስልኳን አውጥታ ያየችውን ነገረቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ፣ እሑድ እንዲሁ፣ ዛሬም እንዲሁ።

«መጀመሪያ አምስት የሚለውን ረፋድ አምስት ሰዓት ብዬ አለፍኩት። የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ስመልሰው ንጋት ዐሥራ አንድ ሆነ። በዚያ ሰዓት የት ይሄዳሉ?»

«የተኛ መስሎኝ» አሉ ወዳጆ። «እጄን አላነሣሁትም እኮ።»

እስከዳር በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አነሣችና ወደ እኔ ይዩ አለቻቸው። ወዳጆ ዞሩ። ዓይናቸው ከትከሻዋ አለፍ ብሎ፣ ማንም ከሌለበት ቦታ ላይ ቆመ።

የስልኳን መብራት አብርታ በግራም በቀኝም አየች። እግራቸውን ስታይ፣ ልባቸውን ስታደምጥ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይናቸውን ሳታይ መቅረቷ ቆጭቷት ነበር፤ ይህንንም ነገረቻቸው። ወዳጆ ሁሉንም አወጡት። ገለባውን፣ ጭሱን፣ የንጋቱን መንገድ፣ በቃላቸው የያዙትን ቁጥር በሙሉ። እንደ አባቴ መጣብኝ አሉ።

«የዓይን ሞራ ነው የሚመስለኝ» አለች እስከዳር። «ሞራ ከሆነ ይወጣል። የቀኙ በተለይ። የግራው ቆይቷል፣ እሱን ሐኪም ይየው። ደብረ ብርሃን ይሠሩታል፣ እኔው ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ወዳጆ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቁት።

«የአባቴም ይኸው ነበር?»

«አላየኋቸውም እኮ፣ አባዬ። እንዴት አውቃለሁ?»

ጉሙ በፊታቸው ቀስ እያለ ያልፋል። ወዳጆ አምባሩን በግራ እጃቸው ጣቶች ያዞሩታል፣ መነኩሴ መቁጠሪያውን እንደሚያዞር።

«አንድ ጠዋት ጠራኝ» አሉ። «በእርምጃዬ አውቆኝ ጠራኝ። ዝም ብዬው አለፍኩ።» ቀጥለውም፣ «ይሄ ነገር ካልወጣ፣ እኔም እዚያ መደብ ላይ ከተቀመጥኩ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ።

እስከዳር እጃቸውን ያዘች። ጌታነሽ መቼ እንደመጣች አላወቁም፤ ከኋላቸው ቆማ ኖሯል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አንተ ሰው፣ አንተ ሰው ብቻ ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ እየተነሣ ሲወጣ በግ ሊያይ ነው ብላ የተኛችበት ንጋት ሁሉ አሁን አንድ ላይ መጣባት።

ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ሞራ ነበር። የቀኙ ተሠርቶ ወጣ። ለግራው ሐኪሙ ሌላ ጊዜ ይታያል፣ ተስፋ ግን አልሰጥም አለ። የቀኙንም ቢሆን በየጊዜው ይታይ ብሎ አስጠነቀቀ። ወዳጆ በሰኔ መጀመሪያ አገራቸው ሲገቡ ትዕዛዙ ክዳኑን ቀይሮ ጨርሷል። አዲሱ የጓሳ ሣር እንደ ጎልማሳ በግ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ መደቡ ላይ ጌታነሽ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። እስከዳር አምባሩን ትታላት ሄዳለች፤ ቀኝ እጇ ላይ አስራዋለች። ወዳጆ ጠጋ ብለው በአንድ ዓይናቸው አነበቡ። አራት ሺህ ስድስት መቶ ይላል። ዛሬስ የት ደረስሽ ሲሏት፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ አለቻቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ሰባት መቶ አርባ ስምንት ሆነ። የተሳሳቱ መስሏቸው ተመልሰው ከበሩ እንደገና ጀመሩ። ሰባት መቶ አርባ ስምንት። ከጥንቱ ሰባት መቶ አንድ ይበልጣል፣ ከጨለማው ስምንት መቶ ዐሥራ አራት ያንሳል። አርባ ሰባቱን የወሰደው ዕድሜ ነው፤ ያ አይመለስም። የቀረው ፍርሃት ነበር ማለት ነው። ወዳጆ መቃኑን ተደግፈው ይህን ሲያስቡ ቆዩ። ከዚያ ሐኪሙ ያለው ትዝ አላቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ቤታቸው በጨለማው ቁጥር ተመለሱ። ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው ነው። እስከ ዛሬም አንዱን በብርሃን ሄደው ሌላውን በጨለማ ይመለሳሉ፤ ሁለቱንም ይዘዋቸዋል።

በመጀመሪያው እሑድ እማሆይ አመተሥላሴ እንደ ወትሯቸው ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወዳጆ ከሩቅ አዩዋቸው። ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያህል ነበር፤ ሽብሽብ ያለ፣ ፈገግታ የቀረበው፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የሚያዳምጥ ፊት። እማሆይ አንገታቸውን ወደ ኮቴው ቀና አደረጉ። ወዳጆ ያን አንገት ከመደቡ ያውቁታል። አጠገባቸው ደርሰው ቆሙ።

«ወዳጆ ነኝ» አሉ።

«እርምጃህ ረዘም ብሎልኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ነው ብዬ» አሉ እማሆይ። «ና እስቲ ቁጭ በል። ገብሱ እንዴት ሆነ?»

ቅዳሴው ሊገባ ነው፤ ሁለተኛው ደወል ተደውሏል። ወዳጆ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና ስለ ገብሱ መናገር ጀመሩ። ገና አልዘሩትም፤ ቢሆንም ስለ መሬቱ ቀለም ነገሯቸው።